በበጋ ተራራ ልትወጡ ነው? ስለ እሳት ክልከላ ይህን እወቁ

ቅዳሜና እሁድ ከልደታ ተነስቶ እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ፣ ረዘም ያለ ዕረፍት ሲገኝ ደግሞ ሰሜን ተራሮች መሄድ የብዙ ወጣት መዝናኛ ሆኗል። ለእግር ጉዞ የሚመረጠው በጋ ነው። ሣሩ ደርቆ ሰደድ እሳት የሚነሳውም በዚሁ ወቅት ነው።

📌 ከዚህ በፊት ምን ሆነ?

በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሳው ቃጠሎ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አጥፍቷል። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ለማጥፋት ዘምቷል።

በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የዋልያ መኖሪያ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ። ቦታው ገደላ ገደል በመሆኑ በእግር ደርሶ ማጥፋት ከባድ ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ።

📌 ክልከላው ምን ይላል?

▪️ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደን ውስጥ እሳት መለኮስን እንደ ወንጀል ያያል። "ትንሽ ነው፣ ለቡና ነው" ማለት አያስጥልም።

▪️ ሰሜን ተራሮች ዝም ተብሎ አይገባም። ደባርቅ ላይ ተመዝግባችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ከስካውት ጋር ነው የምትገቡት። ማደሪያውም እንደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ያሉ የተፈቀዱ የካምፕ ቦታዎች ናቸው።

ሌላ አገር ከዚህም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ ብሔራዊ ደኖች ከሞላ ጎደል በሙሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ለጎብኚ ተዘግተው ነበር። እነሱ ይህን ያደረጉት እሳት የሚያጠፋ አውሮፕላን እያላቸው ነው። እኛ ጋ በ2011 ሄሊኮፕተሩ የመጣው ከጎረቤት አገር ነው። ስለዚህ ጥበቃው "እሳት አይቻልም" ሲላችሁ ጨዋታ ሊያበላሽባችሁ አይደለም።

📌 ስትወጡ

▪️ ቡናውን በፔርሙዝ ያዙ፤ ምግቡንም ቤት ጨርሱት።
▪️ ደረቅ ሣር ላይ ሲጋራ አትጣሉ። ቁራጩን ውኃ አስነክታችሁ ይዛችሁት ተመለሱ።
▪️ ጭስ ካያችሁ ቪዲዮው ይቆይ፤ ቶሎ ራቁ። እሳት ሽቅብ ሲሄድ ስለሚፈጥን ከበላዩ አትቁሙ።
▪️ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። ከከተማ ውጭ ለስካውቱ ወይም ቅርብ ላለው ቀበሌ ንገሩ።

ለጉዞ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉት።