የማይታየው ዘብ

ከደረሰብን ክፉ ነገር ስንድን እናመሰግናለን። ሳይደርስብን ስለቀረው ግን እምብዛም አናመሰግንም፤ አላየነውምና። የአንድ ቫይረስ ታሪክ ይህን እንድናስብ ያደርገናል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ወንጌላዊ አማኝ የነበረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል መንጋጋው በዕጢ ያበጠ ልጅ አየ። ነገሩን በዚያ አልተወውም፤ ሌሎች ሕፃናትን እየፈለገ መረመረ። በ1961 ለንደን ላይ ስለዚሁ ሲያስረዳ አንቶኒ ኤፕስታይን ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። በ1964 ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባር እና በርት አቾንግ በዕጢው ሴሎች ውስጥ አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ኋላ እንደታወቀው፣ አብዛኛው ጎልማሳ ይህን ኤፕስታይን-ባር የተባለ ቫይረስ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ይኖራል። ታዲያ ብዙዎቻችን ለምን በካንሰር አልተያዝንም?

መልሱን በከፊል ያሳዩን አይጦች ናቸው። በ1983 ፊላደልፊያ ውስጥ በተፈጥሮ በሽታ የመከላከል አቅም የጎደላቸው አይጦች መገኘታቸው ተገለጸ። በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶናልድ ሞዚየርና ባልደረቦቹ የሰው ነጭ የደም ሴሎችን ሰጧቸው። ቫይረሱን ከተሸከሙ ጤነኛ ሰዎች የተወሰደ ሴል የተሰጣቸው ብዙ አይጦች ግን ሊምፎማ በተባለው ካንሰር ተያዙ። በለጋሹ አካል ውስጥ ተኝቶ የኖረው ቫይረስ፣ ጥበቃው በላላበት ቦታ ነቃ።

እንዴት ይከላከሉት? የመጀመሪያው መንገድ ቫይረሱ የሌለበትን ለጋሽ መምረጥ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን ጥቂት ነው። በ1994 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ተከላካይ ሴሎችን የሚያበረታውን ኢንተርሉኪን-2 በትንሽ መጠን በየቀኑ ሲሰጡ ብዙዎቹ አይጦች ከዕጢው ተረፉ። ቫይረሱ አልጠፋም፤ ዘቡ በረታ እንጂ።

ይህ ለአይጥ ብቻ የሚጠቅም ነገር አልነበረም። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ የሚደረግላቸው ሕፃናትም መከላከያቸው ስለሚዳከም ይኸው አደጋ ያሰጋቸዋል። በ1995 የሜምፊስ ሐኪሞች ከለጋሾች የተወሰዱ፣ ቫይረሱን ለይተው የሚያጠቁ ሴሎችን አባዝተው ለእንደነዚህ ያሉ ሕሙማን መስጠታቸውን አስታወቁ። የብርቱው ዘብ ለደካማው ቆመለት።

ወገኖች፣ ሰላም ሆነን ያደርነው ጠላት ስለሌለ ላይሆን ይችላል፤ ጌታ በውስጣችን ያኖረው ጠባቂ ስላልተኛ ነው። ስለማናየው ጥበቃው እናመስግነው። አቅማቸው ለደከመውም፣ ሌሎች እንደቆሙልን እንቁምላቸው።