ሪቮልቨር ወይስ ባለ ካዝና ሽጉጥ? በጁባ የሚያስመርጠው ምንድን ነው?

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ክላሽንኮቭ የወታደር መሣሪያ ሲሆን ሽጉጥ በአብዛኛው የመኮንንና የአጃቢ ምልክት ሆኖ ይታያል። ከአፎቱ ብቅ ብሎ የሚታየውም ባብዛኛው ባለ ካዝናው፣ ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ነው። ጥይቱን በሚዞር ሲሊንደር የሚይዘው ሪቮልቨር በአካባቢው ብርቅ ነው። ይሁንና ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ግለሰብ ወይም የታጠቀ ጥበቃ የሚያሠማራ አካል የሁለቱን ልዩነት ሲያነሣ አንድ አባባል ደጋግሞ ይሰማል፦ ሪቮልቨር አይነክስም። መንከስ ማለት ጥይት ወይም ቀለህ ተቀርቅሮ መሣሪያው ሥራ ማቆሙ ነው። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ከፊሉ ግን ሰውን ሊያሳስት የሚችል ነው።

የሁለቱ አሠራር

ሪቮልቨር አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት እአአ በ1836 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ሲሊንደሩ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጥይት ይይዛል። ቃታው ሲሳብ ሲሊንደሩ ዞሮ ቀጣዩን ጥይት ከበርሜሉ ፊት ለፊት ያመጣዋል፣ መዶሻው ይመታል፣ ጥይቱ ይተኮሳል። ቀለሁ እዚያው ይቀራል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የተኳሹ ጣት ስለሆነ ቃታው ከባድ ነው፤ መዶሻው አስቀድሞ ካልተነሣ እስከ አምስት ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል።

ባለ ካዝናው ሽጉጥ የሚሠራው ከተኩሱ በሚያገኘው ኃይል ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የላይኛው ተንሸራታች አካል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥላል፤ በሞላ ተገፍቶ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ለእያንዳንዱ ተኩስ ቃታው አንድ ጊዜ መሳብ አለበት፤ "ከፊል" መባሉም ለዚህ ነው። እአአ በ1951 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ማካሮቭ 8 ጥይት ይይዛል። የኦስትሪያ ጦር እአአ በ1982 የመረጠው ግሎክ 17 ደግሞ 17 ይይዛል። የግሎክ ቃታ የሚጠይቀው ጉልበት ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው።

አቧራ፣ እርጥበትና የከረመ ጥይት

ጁባ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት አቧራማና እጅግ ሞቃት ናት፤ ቀሪውን አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ዝናብና እርጥበት ይፈራረቁባታል። ባለ ካዝናው ሽጉጥ በሚንሸራተት አካል፣ በሞላና በካዝና ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ዘይትና አቧራ ተላቁጠው ሲደርቁበት ይነክሳል። ካዝናው ከተጣመመ ወይም ከንፈሩ ከተጎዳ ደግሞ ምንም ያህል ቢጸዳ ጥይቱን በወጉ አያጎርስም። በተግባር ከሚታዩት ብልሽቶች ብዙዎቹ የካዝና ናቸው።

ሪቮልቨር በዚህ ረገድ ይታገሣል። ለወራት ተቀምጦ ቢነሣም የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥይቱ ቢከሽፍ ቃታውን እንደገና መሳብ ቀጣዩን ያመጣል፤ በባለ ካዝናው ግን የከሸፈውን በእጅ አቀባብሎ ማስወጣት ያስፈልጋል። በሙቀት መጋዘን ለዓመታት የከረመ ጥይት በሚዘዋወርበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የከሸፈ የመሰለ ጥይት ግን ዘግይቶ ሊተኮስ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ በተኩስ ልምምድ ላይ አፈሙዙን ጉዳት ወደማያደርስበት አቅጣጫ ይዞ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መጠበቅ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

የአባባሉ ሌላው ገጽታ እዚህ ላይ ይመጣል። ባለ ካዝናው ሲነክስ የሠለጠነ እጅ በሴኮንዶች ውስጥ ያስተካክለዋል። ሪቮልቨር ሲነክስ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጥይቱ በተኩሱ ንቅናቄ ከቀለሁ ወደፊት ቢወጣ፣ ከሲሊንደሩ ሥር ቆሻሻ ቢገባ ወይም የማዞሪያው ጥርስ ቢበላ ሲሊንደሩ ቀጥ ይላል። ያኔ የሚያስፈልገው ጠጋኝና የመለዋወጫ ዕቃ ነው። ሪቮልቨር አይነክስም ከማለት ይልቅ የሚነክሰው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲነክስ ግን ክፉኛ ነው ማለቱ ለእውነታው ይቀርባል።

የጥይት አቅርቦትስ? በእንግሊዝና ግብፅ ጥምር አስተዳደር ዘመን ሱዳንን ያስተዳደሩት የእንግሊዝ መኮንኖች የሚታጠቁት ዌብሊ ሪቮልቨር ዛሬ ቢገኝ እንኳ ጥይቱ በቀላሉ አይገኝም። በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚገኙት የባለ ካዝና ሽጉጥ ጥይቶች ናቸው። በዚያም ቢሆን ወጥመድ አለ፦ የማካሮቭ ጥይትም የግሎክ ጥይትም "ዘጠኝ ሚሊ ሜትር" ይባላሉ። የቀለሃቸው ርዝመት ግን የማካሮቩ 18፣ የሌላው 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማካሮቩ እርሳስም ወፈር ይላል። አንዱን በሌላው መሣሪያ መጠቀም አይቻልም፤ መሞከሩም አደገኛ ነው።

"ካዝናው ወጥቷል፣ ባዶ ነው"

በቤትና በጥበቃ ቤት ከሚደርሱ የሽጉጥ አደጋዎች በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ሐሳብ ነው። ካዝና ማውጣት ቀድሞ በርሜሉ የጎረሰውን ጥይት አያወጣም። አንዳንድ ሽጉጦች ካዝናቸው ሲወጣ ቃታቸው ይቆለፋል፤ ማካሮቭንና ግሎክን ጨምሮ ብዙዎቹ ግን ይተኩሳሉ። ሪቮልቨር ሲሊንደሩ ሲከፈት ያለውን ጥይት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለዓይን ያሳያል። ከባድ ቃታውም ሳይታሰብ የመተኮስን ዕድል ይቀንሳል። ሥልጠናው አጭር ለሆነ፣ መሣሪያውን ዓመቱን ሙሉ ታጥቆ አንድም ጊዜ ላይተኩስ ለሚችል የበር ጥበቃ ይህ ከጥይት ብዛት በላይ ሊመዝን የሚገባው ጉዳይ ነው። ያው ከባድ ቃታ ግን ልምምድ የሌለውን ሰው ዒላማ ያስታል፤ ሰው በሚርመሰመስበት እንደ ኮንዮ ኮንዮ ባለ ገበያ ዒላማውን የሳተ ጥይት የሚያርፈው መንገደኛ ላይ ነው።

የአሜሪካ ፖሊሶች ሪቮልቨርን የተዉበት ምክንያት ሌላ ነበር። እአአ በ1986 ማያሚ ውስጥ ሁለት የኤፍቢአይ ባልደረቦች በተገደሉበት ተኩስ ሪቮልቨር የያዙ ባልደረቦቻቸው ቆስለው እንደገና ለማጉረስ ተቸግረው ነበር። የኒው ዮርክ ፖሊስም እአአ በ1993 ወደ ባለ ካዝናው መሸጋገር ጀመረ። እነዚህ ተቋማት ግን ከመሣሪያው ጋር መደበኛ ሥልጠናና የጥገና ክፍል ነበራቸው። መሣሪያውን ብቻ ወስዶ ሥልጠናውን መተው ያንኑ ውጤት አያስገኝም።

ሕጉ ምን ይላል?

በደቡብ ሱዳን እአአ በ2016 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ሲቪሎች ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላል። አፈጻጸሙ ግን ከሕጉ ጽሑፍ የራቀ ነው። ትጥቅ የማስፈታት ዘመቻም ራሱ ደም ያፋሰሰበት ጊዜ አለ፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በዋራፕ ግዛት ቶንጅ አካባቢ ወታደሮች ትጥቅ ለማስፈታት ባደረጉት ሙከራ በተቀሰቀሰ ግጭት ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል።

በዚህ ላይ ዓለም አቀፉ ማዕቀብ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ሐምሌ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ባሳለፈው የውሳኔ ቁጥር 2428 በደቡብ ሱዳን ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጥሏል። ውሳኔው ያለፈው በዝቅተኛው የዘጠኝ ድምፅ ሲሆን፣ በወቅቱ የምክር ቤቱ አባል የነበረችው ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት ስድስት አገራት አንዷ ነበረች። ምክር ቤቱ ማዕቀቡን በየዓመቱ ሲያድስ ቆይቶ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ለተጨማሪ አንድ ዓመት አራዝሞታል። ማዕቀቡ ከክላሽና ከከባድ መሣሪያ አልፎ ሽጉጥንና ጥይትንም ይጨምራል። ስለዚህ "አዲስ ነው፣ ገና ከካርቶኑ አልወጣም" ተብሎ የሚቀርብ ሽጉጥ በምን መንገድ እንደገባ የሚገልጽ ሰነድ ከሌለው አዲስነቱ ራሱ ሊያጠራጥር ይገባል።

ርካሽ ሆነው ከሚቀርቡት መካከል ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ እርሳስ እንዲተኩሱ የተቀየሩ ሽጉጦች ይገኙበታል። በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያሉ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች በተደጋጋሚ ተይዘዋል። የእነዚህ መሣሪያዎች አካል ብዙውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም፤ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በእነዚህ ዘንድ የሪቮልቨርና የባለ ካዝና ንጽጽር ጨርሶ ቦታ የለውም።

በጁባ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በውኃ ንግድ ለተሠማሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጁባ ውስጥ የተገዛ ሽጉጥ በጋምቤላ በኩል ወደ አገር ቤት ከገባ የሚጠብቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን በእስራት ያስቀጣል፤ ከጁባ የተያዘ ወረቀትም በኢትዮጵያ ኬላ ላይ ፈቃድን አይተካም።