መርፌና ሁለቱ ነቀርሳዎች

«ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት በሽታዎችን ደርቦ ይዟል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ቲቢ ነው፣ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲባል ግን ካንሰር። ፊቱና አንገቱ ያበጠ፣ የደረቱ ደም ሥሮች የተገተሩ ሕመምተኛ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲላክ ሐኪሙን የሚገጥመው ይኸው የቃሉ ድርብነት ነው። ከራስና ከክንድ ደም የሚመልሰው የላይኛው አቢይ ደም መልስ ታፍኗል፤ ያፈነው ግን የትኛው ነቀርሳ ነው?

ዊልያም ሐንተር ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1757 ሲገልጽ ምክንያቱ በቂጥኝ ሳቢያ ያበጠ ኦርታ ነበር። በኋላ ግን ዋነኞቹ ምክንያቶች የሳንባ ካንሰርና ሊምፎማ ሆኑ። ሜኔትሪየ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1886 የሳንባ ካንሰርን በመርፌ በተወሰደ ናሙና ለይቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ደም መልሱ በታፈነበት ሰው ላይ መርፌ መስደድ ደም ያፈስሳል ተብሎ ለረጅም ዘመን ተፈራ። ከዚህም የተነሣ ናሙና ሳይወሰድ በአስቸኳይ በጨረር ማከም ልማድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1984 የወጡ ጥናቶች ይህን ፍርሃት መርምረው፣ ብዙውን ጊዜ ናሙና እስኪወሰድ መጠበቅ እንደሚቻል አሳዩ።

ክርክሩ ለደሴ ሐኪም ባዕድ ነበር ማለት ይቻላል፤ በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነውና። በእጁ የነበረው የቲቢ መድኃኒት ነበር። አደጋውም ከዚህ ይመነጫል፤ ሊድን ይችል የነበረ ሊምፎማ በቲቢ ስም ለወራት ሊታከም ይችላል። ለእብጠቱ ማስታገሻ ተብሎ የሚሰጠው ስቴሮይድም ሊምፎማውን ለጊዜው አሟሟቶ ናሙናውን ሊያደናግር ይችላል።

ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር የማይሞላው መርፌ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከአንገት ሥር ንፍፊት ካለ፣ ወደ ደረት ጥልቀት መግባት አያሻም። የተቀዳው ጠብታ በመስተዋት ላይ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ፣ ቆላ ቀመስ በሆነችው ኮምቦልቻ የወባ ደም በሚመረመርበት ጊምሳ ሊቀለም ይችላል። ሕመምተኛው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ከመጓዙ በፊት መስተዋቱ ሊቀድመው ይችላል። መርፌው ግን ሁሉን አይፈታም፤ የሊምፎማን ዓይነት ለመለየት ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ መርፌ፣ አለዚያም ንፍፊቱን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ካንሰር አልታየም የሚል መልስም ካንሰር የለም ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። መርፌና መስተዋት በርካሽ ይተካሉ፤ መስተዋቱን አይቶ አንዱን ነቀርሳ ከሌላው የሚለይ የፓቶሎጂ ሐኪም ግን የሚገኘው ከብዙ ዓመት ትምህርት በኋላ ነው።