ወንበር ሲሞላና ሰዓት ሲደርስ፦ የመንገደኛ ባቡር ታሪክ ከመናኸሪያ ሲታይ



ሐዲድ ባልደረሰባት ሐዋሳ ስለ ባቡር ሰዓት አክባሪነት ለመናገር የተነሣሁት በምክንያት ነው። መናኸሪያ ለክፍለ ከተማ ስም በሆነባት በዚህች ከተማ የመናኸሪያን የጊዜ ሕግ የማያውቅ የለም፦ ሚኒባስ የሚነሣው ወንበሩ ሲሞላ ነው። ባቡር ወደ አገራችን ይዞት የመጣው ትልቁ አዲስ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ አስቀድሞ የተነገረ ሰዓት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያው ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። ይህን መዘግየት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አዳሩ በጉዞው ዕቅድ ውስጥ የተቈጠረ ነበርና። ሲራራ ነጋዴ በሳምንታት በሚያቋርጠው በረሃ፣ «በሦስተኛው ቀን እገባለሁ» ብሎ ለዘመድ መላክ መቻል ቀላል ነገር አልነበረም። እርግጥ የኩባንያው ፈረንሳውያን ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት፣ ተሳፋሪው ደግሞ ከማለዳ ይቈጥራሉ፤ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» የምትለው ጥያቄ ዛሬም ከትኬት መስኮት አልጠፋችም።

ፍጥነትን ከጥራት ጋር አንድ ለሚያደርጉ ግን ጥር 1977 ዓ.ም. ሊታወስ ይገባል። በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኛ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከጥምዝ ድልድይ ደርሶ ሐዲድ ስቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ የተሠራ ነው። ሆኖም ከአዳማ ወዲያ ሐዲዱ ነጠላ በመሆኑ አንዱ ባቡር ሲዘገይ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ጣቢያ ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ይገደዳል። ሐዲድ የሚያቋርጡ ከብቶችና ግመሎች፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥም አሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የጣቢያዎቹ ቦታ ነው። ለገሃር በከተማው እምብርት ነበረ፤ ፉሪ ለቡ ግን ዳር ነው። የባቡር ሥራ መሪ የጉዞን ርዝመት ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ይለካል፤ መንገደኛ ግን ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ነው የሚቈጥረው። በደቂቃው የደረሰ ተሳፋሪ ሻንጣውን ተሸክሞ እንደገና እስኪሞላ የሚጠበቅ ሚኒባስ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ባቡሩ ያተረፈለትን ጊዜ እዚያው ያጠፋዋል።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ይዘልቃል የተባለው ሐዲድ በአገር አቀፍ ዕቅድ ከሰፈረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ ቀን ንድፉ በፊታችን ሲዘረጋ፣ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎቻችን ከፍጥነቱ በፊት እንዲጠይቁ የምፈልገው ይህን ነው፦ ጣቢያው ከመናኸሪያው በእግር ስንት ደቂቃ ይርቃል?