ሙት ወቃሽ አያድርገኝ

ከዓመታት በፊት ነው። አውቶቡሳችን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ለቁርስ ቆመ። ወገራ ደጋ ነው፤ ጎንደር ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው እዚህ ሲደርስ ይጸጸታል። ሻይ ቤት ገብቼ ብርጭቆዬን በሁለት እጄ አቅፌ ሳለሁ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ስለ አንድ የሞተ ሹም ያወራሉ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና…» ብለው ጀመሩ። ከዚያ በኋላማ ምን ቀራቸው! ከግብር አሰባሰቡ እስከ አረማመዱ አንድም ሳይተዉ አወረዱበት። ይህች አባባል ለካ ይቅርታ መጠየቂያ ብቻ አይደለችም፤ የፈቃድ ወረቀትም ነች።

መንገዴ በዳባት አልፎ ወደ ደባርቅ ነበርና ሐሳቤ ቀድሞኝ ስሜን ገባ፤ ደረስጌ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ሊነግሡባት ነበር ይባላል። አቡነ ሰላማን ከግብጽ ያስመጡትም እሳቸው ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ ድል አደረጓቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የደገሰው ሌላ፣ የበላው ሌላ! ውቤ ታሰሩ። ልጃቸው ጥሩወርቅ የአሸናፊው ሚስት ሆነች። አባትየው በእስር እንዳሉ ሲሞቱ ንጉሡ ብዙ መናገር አላስፈለጋቸውም፤ በፖለቲካ የሞቱት ደረስጌ ላይ ነዋ።

ችግሩ የሚመጣው ባላንጣው ገና እያስፈራ ሲሞት ነው። ቴዎድሮስ ራሳቸው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ወሬው ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ምን ያድርጉ? በአሥራ አንድ ዓመታቸው የተማረኩት በእኚሁ ሰው ነው። ያሳደጓቸውም፣ ልጃቸውን አልጣሽን የዳሩላቸውም እኚሁ ሰው ናቸው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ደግሞ ቴዎድሮስ በንዴት እስረኞችን አስፈጁ፤ ለምኒልክ መንገድ የሰጠችው የወሎዋ ወርቂት ልጇን ያጣችው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ምኒልክ በአደባባይ የደስታ በዓል አስደረጉ፣ በጓዳ ግን አዘኑ ይባላል።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ባነሳሁ ቁጥር ተማሪዎቼ «አስመሳይ!» ይሉ ነበር። እኔም አብሬያቸው እል ነበር። የሥነ ጽሑፍ መምህር በቴዎድሮስ ጉዳይ ዳኛ መሆን አይችልም፤ የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ሲያስተምር የኖረ ሰው ልቡ ወዴት እንደሚያደላ የታወቀ ነው። አሁን ግን አስመሳይ አልላቸውም። የቴዎድሮስ ጦር ሸዋ ላይ የዐመፀኞችን እጅ ቆርጧል። እጁ የተቆረጠበት ሸዬ ፊት ቆሞ ንጉሥ ለቆራጩ ያልቅስ? ከበሮው ለዚያ ሰው ተመታ፣ ዕንባው ለራሳቸው ፈሰሰ። ሁለቱም እውነት ነበሩ ባይ ነኝ።

ደርግ ከበሮም አልመታ፣ ዕንባም አላፈሰሰ፤ ደበቀ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ሞቱ ብሎ አስነገረና ሬሳቸውን ግቢው ውስጥ ቀበረው። አፅሙ የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.። ደርግን የጣለው መንግሥትም ቢሆን የመንግሥት ሥርዓተ ቀብር አላደረገላቸውም። ሁለት ጠላቶች ተስማምተው የነፈጉት ሙት!

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መሞታቸው ሲነገር የክረምት ተማሪዎችን እያስተማርኩ ነበር። ሁለት ባልደረቦቼን አልረሳም። አንደኛው የፓርቲው ሰው ነው፤ ጠዋት ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፣ ማታ ወንበሩን ማን እንደሚወስድ በሹክሹክታ ሲያሰላ አገኘሁት። ሌላኛው ከምርጫ 97 በኋላ ታስሮ የወጣ ነው፤ የሰውዬው ስም ሲነሳ ፊቱ ይጠቁር ነበር። መምህራን ክበብ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ጠጋ ብዬ «ደስ አይልህም?» አልኩት። አዎን፣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

«የምጠይቃቸው ነገር ነበረኝ» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።