የጀሪካን ኤንትሬ

አንባቢያን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ መጫወቻ መኪና ነው። አትሳቁብን፤ ታሪክ ነው!

ፈረንጅ አገር የከባድ መኪና ሞዴል መሥራት የአዋቂ ጨዋታ ነው። ኢታሌሪ የተባለው የጣልያን ኩባንያ ኢቬኮ ቱርቦስታርን በፕላስቲክ ቁርጥራጭ አዘጋጅቶ በካርቶን ይሸጣል፤ ገዢው በሙጫ ያጣብቀዋል፣ ቀለም ይቀባዋል። መጠኑ ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያንሳል፤ 6 ሜትር የሚረዝም መኪና 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለእኛ አገር ልጅ ግን መጠኑን የሚወስንለት ያገኘው ጀሪካን ነው። ባለ 5 ሊትር ከሆነ ትንሽ፣ ባለ 20 ከሆነ ትልቅ። ጎኑ ተቆርጦ መጫኛ ይሆናል፣ ሽቦ ከሥር ይገባለታል፣ ጎማው ደግሞ ከአሮጌ በረባሶ ተቀዶ ይወጣል። በረባሶው ራሱ ከመኪና ጎማ መሠራቱን አትርሱ፤ ጎማ ዞሮ ጎማ ሆነ!

ታዲያ የመንዝ ልጅ የሚሠራውን መኪና ከየት አየው? ከጣርማ በር ነዋ። እዚያ ከደብረ ሲና በኩል የሚመጣ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ስለሚወጣ አስተውሎ ለማየት ጊዜ ይሰጣል።

መኪና በብዛት ወደዚህ በር የመጣው ግን ለጨዋታ አልነበረም። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ፊያትና ላንቻ ብቻ ሳይሆን ፎርድና ሼቭሮሌም ነበሩበት። ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ወገኖቻችን ንደውት ነበር። ያ ሁሉ ሞተር ገደል አፋፍ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ጥገናው አንድ ቀን ተኩል ገደማ ፈጀ። «አንድ ቀን ተኩል ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሄዱት ሚያዝያ 24፣ ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በዚያ ሳምንት እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ ነበራት ባዮች ነን።

ከዚያ ጣልያኖች ተራራውን ሰርስረው ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አወጡለት፤ ሰዉ «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይለዋል። በ1933 ዓ.ም. እነሱ ሲሄዱ መንገዱም መኪናውም ቀረ። ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ፣ በኋላም ፊያት 682 «ኤንትሬ» ተብሎ የአገሬው ሰው ሆነ። የመጀመሪያው ባለ ረጅም ኮፈን ነው። የሁለተኛው ጋቢና ሞተሩ ላይ ስለተቀመጠ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ልክ እንደ ጀሪካን! ለትሬንታ ኳትሮ አፍንጫ ተጨማሪ ቆርቆሮ መፈለግ ግድ ነው፤ ኤንትሬ ግን አንድ ጀሪካን ይበቃታል። በ1962 ዓ.ም. አምቼ ተቋቁሞ የጣልያን ከባድ መኪና እዚሁ አገር ይገጣጠም ጀመር፤ ኢቬኮም ተከተለ።

አሁን ደግሞ ዘመኑ የሲኖ ትራክ ነው፤ ባደረሰው አደጋ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም የወጣለት። የልጆቹም ጀሪካን ሲኖ ሆኗል። መኪናው ከቻይና ይምጣ እንጂ ልጁ አሁንም ጋቢናውን ጋቢና፣ ቸርኬውን ቸርኬ፣ ፍሬኑንም ፍሬን ነው የሚለው፤ ሁሉም የጣልያን ቃል።