የጎሬው ሞግዚትና የመቱዋ ሞግዚት

ቃልም እንደ ሰው ዕድል አለው። አንዱ ከጓዳ ተነሥቶ አደባባይ ይወጣል፤ ሌላው ከአደባባይ ወርዶ ጓዳ ይገባል። «ሞግዚት» ግን በሁለቱም ቦታ የሚኖር ቃል ነው።

በ1902 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው ሳለ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰው አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ ሞግዚት እንዲሆኑ የተመረጡት ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ። ራስ ተሰማ ጎሬ ላይ ተቀምጠው ኢሉባቦርን ያስተዳደሩ መስፍን ናቸው። አደራው ከባድ ስለ ነበር ሥልጣኑም ክብሩም በዚያው ልክ ተሰጣቸው። በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ለወጣቱ አልጋ ወራሽ ሌላ ሞግዚት አልተሾመለትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የታሪክ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

ከጎሬ ብዙም በማትርቀው በመቱ ከተማም ዛሬ ሞግዚት ይፈለጋል። የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የወጣች ልጅ እግር ናት። የሚሰጣት አደራ ያው የሰው ልጅ ነው። ሥልጣን ግን የላትም፤ ክብሩም እንደ ቤቱ ጠባይ ነው፤ የሥራዋ ልክ ደግሞ በፍጹም አይታወቅም። ለመሆኑ ይህ ልክ የሌለው ሥራ ከየት መጣ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ጎሬ መመለስ ግድ ይለናል። ጎሬ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄደው የቡና ንግድ የደራባት ከተማ ነበረች። ነገር ግን ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ የባሪያ ንግድም አልፎባታል። በዚያ ዘመን በባለጸጋ ቤት ልጅ የሚያዝለው፣ እህል የሚፈጨው፣ ውኃ የሚቀዳው እጅ ብዙ ጊዜ የባሪያ እጅ ነበር። ባሪያ ደግሞ «ሥራዬ ይህ ነው፤ ያኛው አይደለም» የሚልበት አፍ አልነበረውም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ባለቤትነቱ ቀረ፤ ልማዱ ግን ከጓዳው አልወጣም። ከልማዱም ዋነኛው የሥራ ሰዓትን አለመቁጠር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን በመጠኑ አስቦበታል። በቁጥር 2601 ላይ፣ ከአሠሪው ጋር አብሮ የሚኖር ሠራተኛ በመኖሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ጊዜው ጤናውና ሞራሉ እንዲጠበቅ አሠሪው ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን «ተገቢ» ስንት ሰዓት ነው? የፋብሪካው ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ተብሎ ተቆጥሮለታል። የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነች። አዋጅ ቁጥር 377/1996 የእርሷ የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል አለ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ያንኑ ተስፋ ደገመው።

ደንብ በሌለበት ቤት የሚገዛው «እግረ መንገድሽን» የሚሉት ቃል ነው። ልጅቱ የተቀጠረችው ሕፃን ልትጠብቅ ነው። እግረ መንገድሽን ሽሮውን ጣጂው፤ እግረ መንገድሽን ልብሱን እጠቢው፤ እንግዳ መጥቷልና እግረ መንገድሽን ቡናውን አፍዪው። ውኃ በሄደ ቀን ደግሞ ጀሪካን ይጨመራል። ከሶር ወንዝ የመነጨው መብራት ምሽቱን ያረዝመዋል እንጂ ሥራዋን አያሳጥረውም። ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ የምትነሣውም እርሷ ናት፤ ያ ግን እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ «ተኝታ ነው ያደረችው» ይባላል።

እመቤቲቱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አብዛኛዎቹ አሠሪዎች መምህራን፣ ነርሶች፣ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸው ሁለት ሰው አያስቀጥርም፤ ልጅ የሚያውሉበት ሌላ ቦታም የላቸውም። ብዙዎቹም ከልባቸው «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» ይላሉ። ጥያቄው ይህን ጊዜ ይመጣል። ልጃችን ከሆነች የትምህርት ሰዓቷ ለምን ለቡናው ተሠዋ? ሠራተኛችን ከሆነችስ ሰዓቷ ለምን አልተቆጠረም? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይገባል።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 መለኪያውን በቀላሉ አስቀምጦታል። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣት፤ በጊዜዋ እንደ ልቧ ማዘዝ ሳትችል ተጠርታ ልትነሣ የምትጠብቅበት ሰዓትም በአገር ሕግ በሚወሰነው መጠን ከሥራ ይቆጠርላት ይላል። ይህ ለመቱ ቤት አይከብድም። ሕፃን የምትጠብቅ ሕፃን ትጠብቅ፤ ልብስና እንጀራው ከተጨመረ በስሙ ተጠርቶ ከነዋጋው ይጨመር፤ ሌሊት የተነሣች ቀን ትረፍ፤ የማታ ትምህርት የጀመረች ደብተሯን ትያዝ። ይህን ሁሉ ለመስማማት ደንብ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በቅጥሩ ቀን አንድ ወረቀት ይበቃል።

ራስ ተሰማ አንድ ልጅ ሲረከቡ አገር ምስክር ሆኖ የሥራቸው ስም ታወቀ፤ ሥልጣናቸውም ተነገረ። የመቱዋ ሞግዚትም የምትረከበው ልጅ ነው። አደራው ለወላጅ ከመንግሥት አያንስም፤ ታዲያ ልኩን ለመናገር ምን አሳፈረን?